ከእንፋሎቱ ራቅ አድርገህ

ማኩራዛኪ ወደብ የደረስኩ ዕለት
ልብሴ ናፍጣ ናፍጣ፣ ሆዴ ባዶ ቤት።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አንድ የጨርቅ ሻንጣ፣
ሥራዬ ጢስ ቤት ውስጥ፣ ማድረቅ የዓሣ ቋንጣ።

ክፍል ያከራየችኝ ቶሜ የሚሏት ባልቴት
ጀርባዋ የጎበጠ፣ ቃል የማይበዛባት፣
ሩዝ አቀረበችልኝ፣ ነጭ፣ ባዶ፣ የሚጨስ፣
አጠገቡ ብልቃጥ፣ ክዳኑ ሰባት ብስ።
«ፉሪካኬ» አለችኝ፣ እንደማላውቅ ሁሉ፤
ልጅ ሆኜ በፓኬት በልቼዋለሁ ከነሥዕሉ።

የሷ ግን የቤት ነው፤
ከትናንት ሾርባ የተረፈው።
ዓሣው ተቀቅሎ፣ ጣዕሙን ለውሃ ሰጥቶ፣
ሌላ ሰው የሚደፋው ዝቃጭ፣ ወንፊት ላይ ቀርቶ፣
መጥበሻ ላይ ትበትነዋለች፣ እሳቱ ለዘብ ብሎ፣
እስኪንኮሻኮሽ ድረስ፣ ውሃው ሄዶ፣ ቀሎ።
ጠብ ጠብ የአኩሪ አተር ስጎ፣ ስኳር በቁንጥር፣
ሰሊጥ ለብቻው ይታመሳል፣ እስኪዘል፣ እስኪፈነጥር።
የባሕር ቅጠሉን በመቀስ ከርክም ብላ ሰጠችኝ፤
ጨውስ? «ባሕሩ ጨምሮ የለ! እኔ ምን አገባኝ?»

ይህ ሁሉ ግን ኋላ ነው።

ያን ማታ ብልቃጡን ሩዙ አፍ ላይ ደፋሁት፣
በትኩሱ እንፋሎት ውስጥ ወዘወዝኩት፣ ናጥኩት።
«ራቅ!» አለች። «ከእንፋሎቱ ራቅ አድርገህ።»
ሌላ ቃል የለም።
እናቴ አይደለሽ፣ አለቃዬ አይደለሽ፣ አልኩ በሆዴ፤
በማግስቱም እንፋሎቱ ላይ፣ በእልህ፣ በገዛ ዘዴ።

ቃሏን እንደ ስኳሯ ነው የምትቆነጥረው።
ሰኞ፦ «አታማስለው።
ሩዙ ነጭነቱን አይጣ፤ ይሄ እላዩ ይረፍ።»
ሐሙስ፦ «ለምሳህ ስትጠቀልል እጅህን ውሃ ንከር፤
ከዚያ ጨበጥ፣ ላላ፣ ጨበጥ።
ወፍ እንደያዘ ሰው።»
በሌላ ሳምንት፦ «እንቁላል ላይም ይሆናል። ዱባ ላይም።»
«ሐዘን ላይስ?» ብዬ ቀለድኩ።
አልሳቀችም።
ከሦስት ቀን በኋላ፣ ድስት እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣
«ሐዘን ላይ ሞክሬያለሁ» አለች። «ሩዝ ከሌለው አይሆንም።»

አንድ ሌሊት ጥም ቀሰቀሰኝ፤ ወደ ማድ ቤት ወረድኩ፤
መብራቱ በርቷል፤ በበሩ ስንጥቅ አይቼ ቆምኩ።
ቶሜ ተቀምጣለች፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ፣
ክዳኑን ወደ አምፖሉ አንስታ፣ በስንጥር አፍ፣
በእልኼ ያረጠብኩትን፣ ያጋገርኩትን፣ የደፈንኩትን
ትወጋለች፣ አንድ በአንድ፣ ሰባቱን ቀዳዳ፣ ሰባቱን።
ስንት ሌሊት እንዲህ? አልጠየቅሁም።
እንደ ሌባ ተመለስኩ፤ ውሃም አልጠጣሁም።

ብርዱ በጠና ወር ከሥራ ስገባ ምድጃው ቀዝቅዟል፤
ከወረቀቱ በር ማዶ ሳሏ ይሰማል።
ዝቃጩን ከወንፊት አራገፍኩ፣ መጥበሻውን ጣድኩ፣
ስጎውን በግምት አፈሰስኩ፣ ስኳሩን ረሳሁ፣ ተመለስኩ፣
ሰሊጡ፣ ያ ሰሊጥ፣ ዓይኔን ዞር ሳደርግ ጠቆረ፤
ቤቱም ጢስ ቤት ሆኖ ቀረ።

ሩዝ ይዤላት ገባሁ፣ ለስላሳ፣ ውሃው በዛ ያለ፣
ብልቃጡን አነሳሁ፣ እጄ ከፍ አለ፣
ከእንፋሎቱ በላይ፣ ክንድ ያህል፣ ጎኑን በጣቴ መታ፣ መታ፣
ጥቁር ካፊያ ወረደ፣ ቀስ ብሎ፣ በዝምታ።

በላች። ዝም ብላ። አንዲት ፍሬ ሳታስቀር።
ከዚያ ዓይኗን ጨፍና፣
«ሰሊጡ ቀድሞሃል» አለች። «ትንሽ።»

ሳሕኑን አጠብኩ።
ክዳኑን ፈትቼ ወደ አምፖሉ አነሳሁት፣
አንድ ዓይኔን ጨፍኜ።
ሰባቱም ክፍት ናቸው።